የዘለለ ስፌት

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ
ሲወርዱ፣ በስተግራ፣ ከሰማያዊው በር ኋላ
ያለሁት እኔ ነኝ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት መርገጫው ከእግሬ ያልተለየኝ።
መኪና ግርግር ብሎ ስም ያወጣላት ድምጿ ነው፤
ጁምዓ ዝም ስትል እንግዳ ሰው
"የት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ እዚያው ቆሞባት።

መኪና በድምፅ አውቃለሁ።
ዘይት የጠማትን፣ ቀበቶዋ የላላውን፣
ለዓይን ሳይታይ መርፌዋ የጠመመውን፤
ከተቀመጥኩበት እጮኻለሁ ወደ ማዶ፦
"ረምዚ፣ መርፌ ቀይር! ስፌት ዘለለች፤
ነገ ይመጣል ባለቤቱ ተናዶ!"
የግራ ጎኔን ግን፣ የራሴን፣
አምሳ ሁለት ዓመት ሰምቻት አላውቅም።
ደህና መኪና እንዲያ ነው፤ ካልታመመ አይደመጥም።

ዘንድሮ፣ በሰኔ፣ የሰባት ሚዜ ልብስ በአንድ ሳምንት፤
ቀኑን በጫት፣ ሌሊቱን በሻይ አሳልፌ
ነደባው ላይ ጋደም ስል፣ በግራ ጎኔ ተደግፌ፣
ግም። ግም።
ከዚያ ምንም።
አንድ ደረጃ ቀርቷል ብሎ እግሩን እንደሰደደ ሰው
ወደ ውስጤ ወደቅሁ።
ከዚያ ግው! በር እንደሚደበድብ ባለዕዳ፤
ከዚያ ሩጫ፣
ጨርቅ ሳይገባላት ባዶዋን እንደምትሮጥ መኪና።

ለመፍቱሃ አልነገርኳትም።
የጣራውን ግንዶች ስቆጥር ነጋ።
በፈራሁ ቁጥር ይፈጥናል፣
በፈጠነ ቁጥር እፈራለሁ፤
አንድ ገመድ የሚጓተቱ ሁለት ሰዎች፣
ሁለቱም እኔ።

ሕይወት ፋና። ወረፋ አርባ ሦስት።
ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት፣ ሽቦ፣ ሽቦ፣ ሽቦ፤
ከማሽኑ ወረቀት ሲወጣ ባየው፣
ወላሂ፣ ስፌት!
ሾል፣ ዝቅ፤ ሾል፣ ዝቅ፤ በእኩል እግር የተረገጠ፤
ድንገት አንዷ ቀድማ የገባች፣ ቀጥሎ ክፍት።

ዶክተር ኩለኒ፣ የአምስተኛ ክፍል ዩኒፎርሟን
ጉልበቱ ላይ ሦስት ጊዜ የጣፍኩላት ልጅ፣
ጣቷን ክፍቱ ላይ አሳረፈች።
"አባ ዚያድ፣ አልቆመም። አንዷ ምት ቸኩላ ስለገባች ነው
ከኋላዋ ዝምታው የረዘመው።
ልብ ሲጠብቅ ይሞላል፤ ሞልቶ ሲመታ ይከብዳል፤
የሚያስደነግጥዎ እሱ ነው።"
ከዚያ ጥያቄ፦ ራስዎን ስተው ያውቃሉ? ሰውነትዎ ከስቷል?
ከዘመድ በድንገት የሞተ አለ? እንቅልፍስ? ሻይስ?
ጫት?
"ትንሽ" አልኩ።
የጣቴን አረንጓዴ አይታ ሳቀች።

ደም ተቀዳ፤ እንቅርትም፣ ደም ማነስም የለብኝ።
"ልብዎ ደህና ነው" አለችኝ።
"ግን ሩጫው አልቆም ካለ፣ ደረትዎን ከጨመደደው፣
ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ዓይንዎ ከጨለመ፣
ያን ቀን ወረፋ አይያዙ፤ ጥሰው ይግቡ።"
እንዲህ ያለ ነገር ከዶክተር አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ ወደድኳት።

ስወርድ መንገዱን ሁሉ አፈርኩ።
መኪናዋ ስፌት ዘለለች ብሎ ለሚመጣ
ምን እለው ነበር? ጣላት አልለው።
ክሩን አላላ፤ ጥርሷ ስር ያለውን ብናኝ ጥረግ፤
ዘይት ጠብ አርግ፤
ሌሊት አታሠራት።
ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው መኪና የጮህኩት፣
ለራሴ አንድ ቀን ያልሰማሁት።

አሁን ሻይ በጠዋት ብቻ ነው።
ጫት... ቅዳሜ። (ኩለኒ እንዳትሰማ።)
ስትፈጥንብኝ መርገጫውን አልታገልም፤
እጄን በእርጋታ ጎማዋ ላይ እንደማሳርፍ፣
ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ፣ እስትንፋሴን ቀስ፣
አንዳንዴም እንዳስተማረችኝ አምቄ ግፊት፣
እንደሚያምጥ ሰው። መፍቱሃ ትስቃለች።
"ምን ልትወልድ ነው?"

ትናንት ማታ ዘለለች።
ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ ጠበቅኳት፣
ዘገየች፣ መጣች።
ዛሬ ደግሞ ረምዚ ከማዶ፣ ዕድሜ ልኩን ሲመኛት የኖረውን ተራ አግኝቶ፦
"አባ ዚያድ! ስፌት ዘለልክ!"
አየሁት፤ የቀሚሱ ጠርዝ፣ ሦስት ዓይን ክፍት።
ለመፍታት መቀሱን አነሳሁ፤
ጎተት አደረግኩት፣ ጠንከር አድርጌ፤
ያዘ።
መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩ።